ማን ላከው?

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ጉርድ ፎቶ፣ ማመልከቻ መጻፍ። እንጀራዬ ወረቀት ነው። 11 ዓመት ከወረቀት ጋር ስኖር ዓይኔ አንድ ልማድ አበጅቷል። ደብዳቤ ሲሰጡኝ መጀመሪያ የማየው ምን እንደሚል አይደለም። ቁጥርና ቀን አለው? ከግርጌው ፊርማ አለ? ቲተሩ የማን ነው? ማኅተሙ ፊርማውን ነክቶ ነው ያረፈው ወይስ ከሌላ ወረቀት ተነሥቶ የተለጠፈ ነው? "ወንድም፣ ይቺን ማኅተም ከዚህ አንሣና እዚህኛው ላይ ቁጭ አድርጋት" የሚለኝ ሰው በወር አንድ አይጠፋም። አላደርገውም። አንዳንዱ ተቆጥቶ ይወጣል። አንዳንዱ "አቤት ጽድቅ!" ብሎ ይስቅብኛል።

ይህን የማወራው ራሴን ለማሞገስ አይደለም። እንዲያውም ቀጥሎ የምጽፈው ሲያሳፍረኝ የከረመ ነገር ነው።

ታኅሣሥ 2017 ነበር። ከመስከረም ጀምሮ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ ከርሟል። ለእኛ የሚደርሰን ንዝረቱ ነው። መጀመሪያ ላይ "አንተም ተሰማህ?" እየተባባልን የቡና ወሬ አድርገነው ነበር። በታኅሣሥ ግን ጠነከረ። አንድ ሌሊት፣ ያ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ድረስ ገብቶ፣ ሦስት ብርድ ልብስ ደራርበን ተኝተን ሳለ፣ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች መንሾካሾክ ጀመሩ። አይጥ መሰለኝ። ወዲያው አልጋው እሽሩሩ አለን። ባለቤቴ "ማርያም፣ ማርያም" አለች። ልጆቹ ንቅንቅ አላሉም። 10 ሴኮንድ ቢሆን ነው። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ የለም። ሰው በውድቅት ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ ምን ያደርጋል? ስልኩን ያነሣል።

ቴሌግራም ላይ አንድ ድምፅ ተልኮልኛል። 4 ደቂቃ ገደማ ነው። ተናጋሪው ስሙን አይናገርም። ድምፁ ረጋ ያለ፣ የሽማግሌ ዓይነት ነው። ከጀርባው በገና ይሰማል። (በገና የተጨመረበት ነገር እንዴት እንደሚታመን!) "ከገዳም የወጣ መልእክት ነው" ይላል። ከየትኛው ገዳም? አይናገርም። "ለአንድ ባሕታዊ የተገለጠ ነው" ይላል። ማን ይባላሉ? አይናገርም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከጥር 21 በፊት ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ድቅድቅ ጨለማ ይሆናል። ኤሌክትሪክም ባትሪም አይሠራም። የሚበራው የተባረከ ጧፍ ብቻ ነው። በርና መስኮት ይዘጋ። ከውጭ የምትወዱት ሰው ድምፅ ቢጠራችሁ እንኳ አትክፈቱ። መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ ያደርግና "ይህን ሰምቶ ለ10 ሰው ያላደረሰ ግን..." ብሎ ይተወዋል። አይጨርሰውም። ባይጨርሰውም ገባኝ።

ለ14 ሰው ላክሁት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ።

ለምን እንደላክሁት ብዙ አስቤበታለሁ። ፈርቼ ነው ብል አልዋሸሁም፤ ግን ሙሉው እውነት እሱ አይደለም። ፍርሃቱ ውስጥ የሆነ ደስ የሚል ነገር ነበረበት። ሌላው ተኝቷል፣ እኔ ነቅቻለሁ። ሌላው አልሰማም፣ እኔ ሰምቻለሁ። አንድ ጓደኛዬ ወዲያው "እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ አነቃኸኝ" ብሎ ሲመልስልኝ ደረቴ ትንሽ ሰፋ። ጌታ "ትጉ" ያለውን የፈጸምሁ መሰለኝ። የፈጸምሁት ግን ወሬ ማቀበል ነው።

ጥር 21 መጣ፤ አስተርዮ ማርያም ነች። ታቦት ወጣ፣ ታቦት ገባ። ጥር 22 ጠዋት ፀሐይ እንደ ልማዷ ወጣች፤ ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ሊስትሮም እንደ ልማዱ ሳጥኑን ዘረጋ። ድምፁን ከላኩልኝና ከላክሁላቸው ሰዎች አንድም ሰው ስለ ነገሩ አላነሣም። ሁላችንም ተያየንና ዝም። እኔ ደግሞ ከፍርሃት ወጥቼ በቀጥታ ወደ ሹፈት ገባሁ። የመጨረሻው ዘመን ነገር በተነሣ ቁጥር "እና ጧፍ ገዛህ?" እያልሁ መቀለድ ሆነ ሥራዬ። ያኔ ብልህ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው የጴጥሮስ መልእክት ምዕራፍ 3 ላይ ግን በመጨረሻው ዘመን የሚመጡ ዘባቾች ተጠቅሰዋል፤ "የመምጣቱ የተስፋ ቃል ወዴት ነው?" የሚሉ። በሁለት ወር ውስጥ ሁለቱንም ስህተት ሠርቻለሁ ማለት ነው። አንደኛው ቀኑን ቆርጦ ይነግርሃል። ሁለተኛው ቀን የሚባል ነገር የለም ይልሃል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ እስካሁን አላውቅም።

እናቴ መሐል ሜዳ አቅራቢያ ነው የምትኖረው። እሷ ያላት የቁልፍ ስልክ ነው፤ ቴሌግራም አታውቅም። ግን ከ14ቱ አንዱ ታናሽ ወንድሜ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከእሷ ጋር ነው የሚኖረው።

የአባቴ ሙት ዓመት በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው የሚውለው። መንገዱ ሰላም የሆነበትን ቀን ጠብቄ ሄድሁ። ታርማ በር ላይ ከዋናው አስፋልት ወደ ግራ ታጥፈህ ወደ መንዝ ትገባለህ። ከመታጠፊያው በፊት መኪናው ሲቆም ወርጄ ወደ ታች አየሁ። ያን ገደል ያላየ ሰው ስለ ስምጥ ሸለቆ ባያወራ ይሻላል። ከእግርህ ሥር ምድሪቱ ትጠፋለች፤ ከታች ቆላው በጭጋግ ውስጥ ይታይሃል። ምድሪቱ እዚህ ጋ ከብዙ ዘመን ጀምሮ እየተሰነጠቀች፣ ቀስ እያለች ከሁለት እየተለያየች ነው። ፈንታሌም ላይ ያንቀጠቀጠን ይኸው ሥራ ነው፤ ከሥር የቀለጠው ዐለት መውጫ እየፈለገ።

ቤት ደርሼ ሰላምታው ሲያልቅ ጋጣውን አየሁ። የእናቴን በጎች በቁጥር አውቃቸዋለሁ።

"እማዬ፣ ሁለቱ የት ሄዱ?"

"ሸጥኳቸው።"

"አንዷ አርግዛ አልነበር እንዴ?"

"አርግዛ ነበር።"

"ታዲያ ለምን?"

እናቴ እንዝርቷን አላቆመችም። የበግ ፀጉር እየፈተለች ነበር፤ መንዝ ውስጥ ሴት እጇ ባዶ ሆኖ አያወራም። "አንተ አይደለህ እንዴ የላክኸው?" አለች። "ሦስት ቀን ጨለማ ከሆነ ማን ያሰማራቸዋል? ጅብ ይበላቸዋል ብዬ።" ከዚያ ትንሽ ዝም ብላ፣ "ነጋዴውም ሰምቶት ኖሯል መልእክቱን። 'እማማ፣ ለሦስት ቀን ብለው ነው?' አለኝ፤ እየሳቀ ገዛኝ።"

ከዋጋዋ ሲሶውን አጥታ ነው የሸጠቻቸው። በገንዘቡ ጧፍ ገዛች። ብዙ ጧፍ። ግማሹን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠች፤ ግማሹ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ መጋቢት 14 እሑድ ነበር፤ ደብረ ዘይት። የዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ ነው። በዚያ ቀን የሚነበበው ማቴዎስ 24 ነው። ዘመኑም ዘመነ ማቴዎስ። ካህኑ ሲያነብ ከብዙ ዓመት በኋላ በጥሞና ሰማሁት። ደቀ መዛሙርቱ የጠየቁት "መቼ?" ብለው ነው። ጌታ ሲመልስ ከቀን አልጀመረም። የመጀመሪያው ቃሉ "ማንም እንዳያስታችሁ ተጠንቀቁ" የሚል ነው። ቀጥሎ ጦር፣ የጦር ወሬ፣ ረኃብ፣ የምድር መናወጥ ይዘረዝራል፤ ግን በመሐል "ይህ ሊሆን ግድ ነውና ተጠበቁ፥ አትደንግጡ፤ ዳሩ ግን መጨረሻው ገና ነው" ይላል። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ መሰላችሁ። "ገና ነው" የሚለው ግን ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ አያውቅም ነበር። "እነሆ፥ በበረሀ ነው ቢሉአችሁ፥ አትውጡ፤ እነሆ፥ በእልፍኝ ነው ቢሉአችሁ፥ አትመኑ" ይላል ደግሞ። በረሀውም እልፍኙም ኪሴ ውስጥ ነበሩ፤ ሳይለንት አድርጌ።

ከቅዳሴ መልስ ዘመድ አዝማድ ተሰበሰበ። ንፍሮ፣ ሽሮ፣ ጠላ። የእናቴ የንስሐ አባት መጡ። እድሜያቸው የገፋ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። እናቴ ነግራቸው ኖሮ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ያን ነገር ማን ላከው?" አሉኝ።

"አንድ ጓደኛዬ ነው መምሬ።"

"ለእሱስ?"

"አላውቅም።"

"ከሥሩ የጀመረውስ?"

"እሱ... አይታወቅም።"

"አንተ ሥራህ ምንድን ነው?"

"ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ።"

"ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ቢያመጡልህ ደብዳቤ ነው ትላለህ?"

ዝም አልሁ። እሳቸውም አልተጫኑኝም። ጠላቸውን አነሡና "ሁለተኛይቱን የተሰሎንቄ መልእክት አንብብ። ሦስት ምዕራፍ ብቻ ናት፤ እስኪነጋ ትጨርሳታለህ" አሉኝ። ከዚያ ወሬው ወደ ገብስ ሄደ።

አጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ግን ጣልቃ ገቡ። በ1953 ልጅ ነበሩ። በዚያ ዓመት ከሥር ቆላው ላይ ባሉት በካራ ቆሬና በማጀቴ የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ ያስታውሳሉ። ማጀቴ ፈርሳለች። ካራ ቆሬ ላይም ብዙ ቤት ወድቋል። "እዚህ ደጋው ላይ ሆነን እንኳ ማሰሮው ከምድጃ ላይ ይጨፍር ነበር" አሉ። "አባቴ 'ምጽአት ነው' ብሎ አለቀሰ። በማግስቱ ግን ማረስ ነበረበትና አረሰ።" ይህን ብለው ሳቁ። ማጀቴም እንደገና ተሠርታ ዛሬ ሰው ይገበያይባታል።

ማታ መብራት ጠፋ። እናቴ ሣጥኗን ከፍታ ከነዚያ ጧፎች አንዱን አበራችልኝ። የሰው ልጅ ውርደቱን በገዛ ጧፉ ብርሃን ሲያነብ አስቡት።

የተሰሎንቄ ሰዎች ነገር እንዲህ ነው። ጌታ ካረገ 20 ዓመት ያህል ነው የሆነው። አዲስ አማኞች ናቸው፤ መከራም አለባቸው። በዚህ መሐል "የጌታ ቀን ደርሷል" የሚል ነገር ይገባባቸዋል። እንዴት ገባ? ጳውሎስ መንገዶቹን ይጠቅሳል፦ "በመንፈስ ወይም በቃል ወይም ከእኛ እንደሚመጣ በሚመስል መልእክት"። እዚህ ጋ ስደርስ ቀና ብዬ ጧፉን አየሁ። "ከእኛ እንደሚመጣ በሚመስል"! ፎርጅድ ደብዳቤ። በሐዋርያው ስም የተጻፈ የሚመስል የሐሰት ደብዳቤ እዚያ ዘመንም ነበረ። "ከአእምሮአችሁ ቶሎ እንዳትናወጡ" ብሎ ይለምናቸዋል። ቃሉን ልብ በሉ። በማቴዎስ 24 ምድር ትናወጣለች። እዚህ ግን እንዳይናወጥ የሚለመነው አእምሮ ነው። በዚያ ሌሊት የእኔ ቤት ከሁለቱ የትኛው በበለጠ እንደተናወጠ አውቃለሁ። ብርጭቆ እንኳ አልተሰበረም።

ከዚያ ደግሞ መጨረሻው። ጳውሎስ ደብዳቤዎቹን ሲያስጽፍ ሌላ ሰው ነው የሚጽፍለት። በዚህች መልእክት ማብቂያ ላይ ግን ብዕሩን ራሱ ይይዛል፦ "በገዛ እጄ የተጻፈ የእኔ የጳውሎስ ሰላምታ ይህ ነው፤ የመልእክትም ሁሉ ምልክት ይህ ነው፤ እንዲህ እጽፋለሁ።" በሌላ አነጋገር፣ ፊርማዬን ተመልከቱ፤ ይህ የሌለበትን አትቀበሉ። የሱቄ ሕግ ማለት ነው። እኔ ለቤት ኪራይ ውል የምጠይቀውን ለዓለም ፍጻሜ አልጠየቅሁም።

አንድ ሌላ ቃል አለ፤ እሱ ነው እስካሁን የሚቆረቁረኝ። በምዕራፍ 2 ላይ ስለሚስቱት ሰዎች ሲናገር ምክንያታቸው አለማወቅ ነው አይልም። "የእውነትን ፍቅር ስላልተቀበሉ" ይላል። የእውነትን እውቀት አላለም። የእውነትን ፍቅር። እኔ ማወቅ አላቃተኝም ነበር። ስልክ ደውዬ "ይህን ማን አለ?" ብሎ መጠየቅ 5 ደቂቃ አይፈጅም። አልጠየቅሁም፤ ምክንያቱም ወሬው ጥሞኝ ነበር። እውነቱ ከታወቀ ይበርዳል። ማጭበርበር የሚገባው በዚች ቀዳዳ ይመስለኛል። አታላዩ ብልህ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እኛም እውነት እንዲሆንልን የምንፈልገው ነገር ስላለን ነው። አንዳንዱ መታወቅ ይፈልጋል። አንዳንዱ ጠላቱ ቶሎ ሲቀጣ ማየት ይፈልጋል። ጎረቤቴ የሆነ አንድ ሰው ደግሞ ዕዳው ከመድረሱ በፊት ዓለም ብትጠፋለት ነበር የሚወደው። (በቀልድ ነው የሚናገረው። ይመስለኛል።)

በተሰሎንቄ አንዳንዶች ሥራ ትተው ነበር። ጳውሎስ "ሥራ ከቶ ሳይሠሩ፥ በሰው ነገር እየገቡ" ይላቸዋል። ይኸው ቴሌግራም። መድኃኒቱን ሲነግራቸው ልዩ ራእይ የለበትም፦ ሥሩ፣ የራሳችሁን እንጀራ ብሉ፣ መልካም ለመሥራት አትታክቱ። ያን ስል የቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ትዝ አለኝ። ከደብረ ዘይት በኋላ ያለው እሑድ ምንድን ነው? ገብር ኄር። ታማኙ አገልጋይ፤ የመክሊቱ ምሳሌ። የምጽአትን ነገር ሰምተህ በደነገጥህ በሳምንቱ የምትሰማው ስለ አንድ ነጋዴ አገልጋይ ነው። ጌታው እስኪመለስ የተሰጠውን ይዞ ወጣ፣ ወረደ፣ አተረፈ። ፈርቶ የቀበረው ነው የተወቀሰው። እናቴ በጎቿን የሸጠችው በእኔ ምክንያት ነው። መክሊቷን ያስቀበርኋት እኔ ነኝ።

ስለ ስምንተኛው ሺህም ልናገር፤ ሳይጠቀስ የሚያልፍ ነገር አይደለም። እኛ አገር ነገር ሁሉ በተበላሸ ቁጥር "ስምንተኛው ሺህ ደርሶ ነው" ይባላል። ልጅ አባቱን ቢመልስ፣ ሽንኩርት ቢወደድ፣ ያው ነው። ግን በባሕረ ሐሳብ ቁጠሩት። ከክርስቶስ ልደት በፊት 5500፣ ከዚያ ወዲህ 2017፤ ዓመተ ዓለም 7517 ነው። ሰባት ሺህ የሞላው በ1500 ነው። ስምንተኛው ሺህ ከገባ ከ500 ዓመት አልፏል! ገና በገባ በ21ኛው ዓመት የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ሆነ፤ ከዚያም ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። ያን ጊዜ የነበረ የሸዋ ሰው ነገሩ ሁሉ አበቃ ቢል አልፈርድበትም። ከእሱ ወዲህ ግን ስንት ትውልድ አርሷል፣ ስንት ልጅ ተጠምቋል። ያው ባሕረ ሐሳብ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ከዛሬ 300 ዓመት በኋላ ላለው ሰው እንኳ አስልቶ ይነግረዋል። ስለዚያች ቀን ግን "ከአባት ብቻ በቀር" የሚል ነው ቃሉ። ያን ያህል ሒሳብ የሚችሉ አባቶች አንዷን ቀን ሳይነኩ መተዋቸው ያስገርመኛል።

ለአንዳንዱ ደግሞ መጨረሻው በእርግጥ መጥቷል። በ1929 ግንቦት የጣሊያን ጦር ለተክለ ሃይማኖት በዓል ወደ ደብረ ሊባኖስ የተሰበሰበውን ሕዝብና መነኮሳቱን ከበበ። መነኮሳቱን ረሸነ። ወጣት ዲያቆናቱን ወደ ደብረ ብርሃን አምጥቶ ከእኛ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ እንጌጫ በተባለ ቦታ ገደላቸው። ግራዚያኒ በቴሌግራም የዘገበው 129 ዲያቆናት ብሎ ነው፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን ከዚያ በላይ ያደርጉታል። ለእነዚያ ልጆች ቀኑን ማንም አልነገራቸውም። ቀኑ ያገኛቸው በዓል ሲያከብሩ ነው። ይህን ጉዳይ ሳስብ ሹፈቴ ሁሉ አፌ ላይ ይደርቃል።

ወደ ሱቄ ልመለስ። አሁን አብዛኛው ሥራዬ የፋይዳ መታወቂያ ማተም ነው። ሰው ተመዝግቦ ሲጨርስ ካርዱን አሳትመህ አምጣ ይባላል፤ ወደ እኔ ይመጣል። በግንቦት አንዲት እናት መጡ። ግምባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት አለ፤ አገጫቸው ላይም። ሲመዘገቡ የጣታቸው አሻራ አልነበብ ብሎ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። ጣታቸውን አየሁት፤ ዕድሜ ልኩን ጥጥና ፀጉር የፈተለ፣ እንጀራ የጋገረ ጣት ነው። ለስልሶ መስታወት ሆኗል። ወረቀቱን ሰጡኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ልጄ፣ ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?" አሉ።

ያኔ ቢሆን እስቅ ነበር። ወይም ከዚያም በፊት ቢሆን፣ ለ14 ሰው እልክ ነበር።

"ኑ፣ አብረን እንየው" አልኋቸው። የፋይዳ ቁጥራቸው 12 አሃዝ ነው። መነጽራቸውን አወጡና አንድ በአንድ ቆጠርን። "ስድስት ስንት ነው?" "ሁለት አለው፣ እማማ።" "ሁለት ብቻ?" "ሁለት ብቻ።" "ተመስገን!" አሉና ቁጭ አሉ። ሦስት ቢሆን ኖሮ ምን እንደምል አላውቅም።

ካርዱ ከማሽን እስኪወጣ አወራን። በዮሐንስ ራእይ 13 ላይ ምልክቱ ከስግደት ጋር ነው የሚሄደው፤ ለአውሬው የሚሰግዱ ናቸው የሚቀበሉት። ሰው ምልክቱን ሳያውቅ፣ መታወቂያ ሲያወጣ ሸርተት ብሎ ይገባበታል የሚል አላነበብሁም። መረጃዬ ማን ጋ ይቀመጣል፣ ማን ያየዋል ብሎ መጠየቅ ሌላ ነው፤ እሱ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ልንጠይቅም ይገባል። ግን እሱን ከአውሬው ጋር ስንቀላቅለው ሁለቱንም እናበላሻለን። ደግሞ ምዕራፉን ገልበጥ አድርጉት። ምዕራፍ 14 ላይ በጉን የሚከተሉትም በግምባራቸው ተጽፎባቸዋል፤ ስሙና የአባቱ ስም። ይህን ነገርኋቸውና የእሳቸውን ንቅሳት አሳየኋቸው። እጃቸውን ወደ ግምባራቸው አነሡ። "እሱማ እናቴ ናት ያስነቀሰችኝ፣ የ7 ዓመት ልጅ ሆኜ" አሉ፤ "በእሾህ ነው፣ አቤት ሲያም!"

የግምባር ነገር ለከተማችን አዲስ አይደለም። ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሕዝቡ በግምባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ በእጆቹም ሰይጣንን የመካድ ቃል እንዲጽፍ አዝዞ ነበር፤ ዜና መዋዕሉ መዝግቦታል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችበትም ታሪክ የሰማይ ምልክት ነው፤ በሰማይ የታየ ብርሃን። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ጅራታም ኮከብ ይሆናል ይላሉ። ያ ብርሃን የታየው ንጉሡ የመነኩሴውን የአባ እስጢፋኖስን ደቀ መዛሙርት ካስወገረ በኋላ ነው ይባላል፤ እንደ ማረጋገጫም ተቆጠረ። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ደስ አይለኝም። ከተማዬን እወዳታለሁ። ግን በሰማይ ብርሃን ስለታየ በምድር የፈሰሰው ደም ትክክል ሆነ ማለት ይከብደኛል። ምልክት ሁሉ አንባቢ ይፈልጋል። አንባቢው ደግሞ ማንበብ የሚፈልገውን ቀድሞ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንዳነበብሁት እንደ እኔ።

እኛ ጋ ታማኝ ሰው "ባለማተብ" ይባላል። ከዳተኛው "ማተብ የለውም" ነው። አንገት ላይ ያለች ክር ናት፤ ማንም የሚያያት አይመስልም። የእኚያ እናት ማተብ ጥቁር ሆኖ ከላብ የተነሣ ደርቋል። ካርዳቸውን ተቀብለው፣ ከቀሚሳቸው ጫፍ ብር ፈትተው ከፈሉኝ፤ 10 ብር ቀንሼላቸው ነበር፤ አስተውለው መለሱልኝ። "የጾም ጊዜ አይደለም፤ ጽድቅ አትፈልግብኝ" ብለው ሄዱ።

ድምፁን የላክሁላቸውን 14 ሰዎች አንድ በአንድ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። እስከ ሚያዝያ ፈጀብኝ። ሦስቱ ጭራሽ እንዳልሰሙት ነገሩኝ፤ አንዷ ለ30 ሰው ልካዋለች፤ አንዱ ደግሞ "ቀኑ ተለውጦ ነው እንጂ" ብሎ አዲስ ድምፅ ላከልኝ። ማን እንደላከለት ጠየቅሁት። አያውቅም። አላዳመጥሁትም። ማዳመጥ አልፈለግሁም ብል ግን እዋሻለሁ።

ለእናቴ የበግ መግዣ ላክሁላት። ለሁለት አልበቃም፤ አንድ ገዛች። ጥቁር ናት፤ ነጭ ጠብታ የለባትም። እናቴ ስሟን "ጨለማ" አለቻት። ሳቀች ስትነግረኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አንሥተን አናውቅም። ባለፈው መስከረም ጠዋት ገና ሱቅ ሳልከፍት ደወለች።

"ጨለማ ወለደች" አለችኝ። "መንታ።"